አረጋውያን አሽከርካሪዎች በየጊዜው ዳግም ሊፈተኑ ይገባል? ከገዳሪፍ እስከ መተማ የሚነሳው ጥያቄ

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል ወደ ጋላባት የሚያመራው መንገድ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከድንበሩ ባሻገር መተማ ዮሐንስ ትገኛለች። ከዚያም መንገዱ በኮኪት፣ በገንዳ ውሃ እና በአይከል አድርጎ ከበረሃው ሙቀት ወደ ጎንደር ደጋ ይወጣል። ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ማዳበሪያ እና ነዳጅ የጫኑ መኪኖች ለዓመታት ተመላልሰውበታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦችን ያሳፈሩ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች አልፈውበታል።

በዚህ መስመር ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ያሳለፉ ሰዎች አሉ። ገና በወጣትነታቸው በእንጨት ካሮሴሪ የተሠሩትን የሱዳን ሎሪዎች ወይም በኢትዮጵያ በኩል "ኤንትሬ" እየተባሉ የሚጠሩትን የፊያት የጭነት መኪኖች በረዳትነት ጀምረው፣ በኋላ ሹፌር የሆኑ ናቸው። መንገዱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ይሁን እንጂ ዓይናቸው፣ ጆሯቸውና እጃቸው የዛሬ 30 ዓመት እንደነበረው አይደለም።

እነዚህ አሽከርካሪዎች መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው ለመቀጠል በየጊዜው እንደገና ሊፈተኑ ይገባልን? ጥያቄው በጃፓን፣ በብሪታኒያ እና በአሜሪካ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በእኛ አካባቢ ብዙም አይነሳም። ቢነሳ ግን መልሱ እዚያ ከተሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

ዕድሜ በማሽከርከር ችሎታ ላይ ምን ያመጣል?

መጀመሪያ የሚለወጠው ዓይን ነው። የአንድ የ60 ዓመት ሰው ዓይን፣ የ20 ዓመት ወጣት የሚያየውን ያህል በምሽት ለማየት ሦስት እጥፍ ገደማ ብርሃን እንደሚያስፈልገው የዘርፉ ጥናቶች ያስረዳሉ። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲያበራበት፣ ዓይኑ ከብርሃኑ ጫና ተላቆ መንገዱን ዳግም ለማየት የሚወስድበት ጊዜም ይረዝማል።

ይህ የመንገድ መብራት በሌለበት፣ ላምና ፍየል ባልተጠበቀ ቅጽበት አስፋልት በሚያቋርጡበት፣ የኋላ መብራት የሌለው ትራክተር ሰሊጥ ጭኖ በሚጓዝበት የድንበር መንገድ ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዓይን ቀጥሎ የሚዳከመው በአንድ ጊዜ ብዙ ነገርን የመከታተልና ፈጥኖ የመወሰን አቅም ነው። አንገትን አዙሮ ከጎን የሚመጣን ማየት ይከብዳል፤ እግርን ከነዳጅ መስጫ ወደ ፍሬን ለማሻገር የሚወስደው ጊዜም ይጨምራል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ግላኮማ፣ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት እና የመርሳት ችግር ከዕድሜ ጋር ይበልጥ ይታያሉ። ለእነዚህ ሕመሞች የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ እንቅልፍ ያመጣሉ።

ነገር ግን ሁለት የ70 ዓመት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ያለ መነጽር የሩቅ ታርጋ ሊያነብ ይችላል፤ ሌላው በ55 ዓመቱ ግላኮማ ግማሽ ዕይታውን ወስዶበት ሊሆን ይችላል። ግላኮማ የዳር ዕይታን ቀስ በቀስ የሚያጠብ በሽታ በመሆኑ ባለቤቱ ራሱ ላያስተውለው ይችላል። ዕድሜን ብቻ መስፈርት ማድረግ የሚያከራክረውም በዚህ የተነሳ ነው።

ለመንገድ አደጋ ይበልጥ አስጊው ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከሟቾቹ 92 በመቶው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገራት የሚገኙ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከፍተኛው የሞት መጠን ያለው በአፍሪካ ነው።

በበለጸጉት አገራት በተደረጉ ጥናቶች፣ በተነዳ ኪሎ ሜትር ሲሰላ የአደጋው መጠን በሁለቱ የዕድሜ ጫፎች ከፍ ይላል፤ በጣም ወጣት በሆኑትና ከ75 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ። ሆኖም የሁለቱ አደጋ መልኩ ይለያያል። ወጣቱ በፍጥነት፣ በመጠጥና በድፍረት ይጋጫል። አዛውንቱ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ጎን ሲታጠፍ፣ ቅድሚያ መስጠት ሲገባው ሳያይ ሲቀር ወይም ፔዳል ሲያሳስት ይጋጫል።

እአአ በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። የአረጋውያን አሽከርካሪዎች የሞት መጠን ከፍ የሚልበት ዋነኛ ምክንያት ብዙ ስለሚጋጩ ሳይሆን ሰውነታቸው ስለሚሰበር ነው። ወጣት ቆስሎ በሚተርፍበት ግጭት አዛውንቱ ይሞታል። በሌላ አነጋገር አረጋዊው አሽከርካሪ በአብዛኛው የሚጎዳው ራሱን ነው።

በኢትዮጵያ የትራፊክ ፖሊስ መረጃዎችና በእነርሱ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት፣ በአደጋ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ አሽከርካሪዎች መሆናቸውን ነው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። በጃፓን ከሕዝቡ 30 በመቶ ገደማው ከ65 ዓመት በላይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያና በሱዳን ግን ይህ የዕድሜ ክልል ከ100 ሰዎች ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው።

የአገሬው ቋንቋም ይህን ይመሰክራል። ሕዝቡ "ቀይ ሽብር" ብሎ ስም ያወጣለት ሲኖትራክና "አልቃይዳ" ያለው አይሱዙ ስማቸውን ያገኙት በአረጋውያን ዝግታ ሳይሆን በፍጥነትና በግድየለሽነት ነው።

ታዲያ አረጋውያንን መፈተን የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል? ለሚለው ጥያቄ ቁጥሮቹ "አይደለም" ወደሚለው ያደላሉ። ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ይተው ማለት አይደለም። አንድ የ45 መንገደኞች አውቶቡስ አሽከርካሪ ወይም የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ሳያይ የሚፈጽመው ስህተት በራሱ ላይ ብቻ የሚቆም አይሆንም።

ሌሎች አገራት ምን ያደርጋሉ?

በዚህ ጉዳይ ረጅም መንገድ የሄደችው ጃፓን ነች። በአገሪቱ ከ70 ዓመት በላይ የሆነ አሽከርካሪ ፈቃዱን ለማሳደስ ልዩ ትምህርት ይከታተላል። ከ75 ዓመት ጀምሮ የማስታወስና የማገናዘብ ችሎታ ምርመራ ይጨመርበታል።

ሕጉ ይበልጥ እንዲጠብቅ ያደረገው በሚያዝያ 2019 (እአአ) በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ የደረሰው አደጋ ነው። የ87 ዓመት አዛውንት ያሽከረክሩት የነበረው መኪና እግረኞች መሐል ገብቶ አንዲት የ31 ዓመት እናትና የ3 ዓመት ሴት ልጇ ሞቱ። አሽከርካሪው ጥፋቱ የመኪናው ነው ብለው ቢከራከሩም፣ ፍርድ ቤቱ በፍሬን ፈንታ ነዳጅ መስጫውን እንደረገጡ አረጋግጦ በ2021 የአምስት ዓመት እስር ፈረደባቸው።

በአደጋው ዓመት 600 ሺህ ገደማ ጃፓናውያን መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው መለሱ። ከግንቦት 2022 ጀምሮ ደግሞ ከ75 ዓመት በላይ ሆነው የተወሰኑ የትራፊክ ጥፋቶችን የፈጸሙ አሽከርካሪዎች ፈቃዳቸው ከመታደሱ በፊት በተግባር እንዲፈተኑ ተደነገገ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተግባር ፈተናው ለአረጋውያን ሁሉ ሳይሆን ጥፋት ለተመዘገበባቸው መሆኑ ነው።

ብሪታኒያ በተቃራኒው እምነቷን በአሽከርካሪው ላይ ጥላ ቆይታለች። ፈቃድ በ70 ዓመት ያበቃል፤ ከዚያ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ነገር ግን አሽከርካሪው ጤነኛ መሆኑንና ዓይኑ እንደሚያይ የሚያረጋግጠው ራሱ ነው። የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ በጥር 2019 በ97 ዓመታቸው ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭተው በማግስቱ ወር ፈቃዳቸውን መመለሳቸው ጉዳዩን የቤት ውስጥ መነጋገሪያ አድርጎት ነበር።

በ2025 ደግሞ የላንካሻየር የአሟሟት መርማሪ፣ ዓይናቸው በደከመ አሽከርካሪዎች የተገደሉ አራት ሰዎችን ጉዳይ ከመረመሩ በኋላ የአገሪቱን አሠራር በአውሮፓ እጅግ የላላ ሲሉ ተችተዋል። መንግሥትም ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት የዓይን ምርመራን ግዴታ የማድረግ ሐሳብ ለምክክር አቅርቧል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ በሚተዳደሩባት አሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ75 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ፈቃዱን ለማሳደስ በአካል ቀርቦ ዓይኑን ይታያል። በዕድሜ ብቻ ምክንያት የተግባር ፈተና የምትጠይቀው ብቸኛዋ ግዛት ኢሊኖይ ነበረች። እርሷም ብትሆን የፈተናውን መነሻ ዕድሜ ከ79 ወደ 87 ከፍ የሚያደርግና በሐምሌ 2026 ሥራ ላይ የሚውል ሕግ አጽድቃለች። በዚህ ረገድ ኢሊኖይና ጃፓን በተቃራኒ አቅጣጫ ተጉዘዋል።

ፈተናው በእርግጥ ሕይወት ያድናል?

የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው።

ፊንላንድ አረጋውያን ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ የሐኪም ምርመራ ትጠይቅ ነበር፤ ጎረቤቷ ስዊድን አትጠይቅም ነበር። እአአ በ1996 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ በአረጋውያን አሽከርካሪዎች አደጋ ላይ ልዩነት አላገኘም። ያገኘው ልዩነት ሌላ ነበር፤ በፊንላንድ በእግር ሲጓዙ የሚሞቱ አረጋውያን ቁጥር ከስዊድን ይበልጣል። መኪና የተውት አዛውንቶች እግረኛ ሆነው መንገድ ላይ ወጡ ማለት ነው።

ዴንማርክም ለአረጋውያን የማገናዘብ ችሎታ ምርመራ ካስጀመረች በኋላ በተደረገ ጥናት ተመሳሳይ ውጤት ታየ። አገሪቱ በኋላ ዕድሜን መሠረት ያደረገውን ግዴታ አንስታለች። በጃፓን የተደረገ የቅርብ ዓመታት ጥናት ደግሞ ምርመራው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ ወንድ አሽከርካሪዎችን አደጋ እንደቀነሰ፣ በአንጻሩ በእግርና በብስክሌት የሚጓዙ አረጋውያን ጉዳት እንደጨመረ አመልክቷል።

በአሜሪካ በ2004 የታተመ ሰፊ ጥናት ከሁሉም አሠራሮች ውጤት ያገኘው በአንዱ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ85 በላይ የሆኑ ሰዎች ፈቃዳቸውን በአካል ቀርበው እንዲያሳድሱ በሚያስገድዱ ግዛቶች የዚህ የዕድሜ ክልል የሞት መጠን በ17 በመቶ ያነሰ ነበር። የዓይንና የተግባር ፈተና መጨመሩ ከዚያ ያለፈ ልዩነት አላሳየም።

ይህ ለምን ሆነ? አንዱ ማብራሪያ ብዙ አረጋውያን ሕግ ሳያስገድዳቸው ራሳቸውን የሚገድቡ መሆናቸው ነው። በሌሊት መንዳት ይተዋሉ፤ በዝናብ አይወጡም፤ የማያውቁትን መንገድ ይሸሻሉ። በአካል መቅረብ ግዴታ ሲሆን ደግሞ አቅማቸው የደከመው ወረፋ ላይ ከመቆማቸው በፊት ቤተሰብ ይመክርበታል።

ነገር ግን ይህ ማብራሪያ በገዳሪፍ–መተማ መስመር ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። መሪው እንጀራው የሆነ ሰው ሌሊቱንና ዝናቡን የመምረጥ ዕድል የለውም። ጭነቱ ሲሞላ ይነሳል፤ ኬላው ሲከፈት ይሻገራል።

የኢትዮጵያ ሕግና የማይታወቅ ዕድሜ

በኢትዮጵያ የመንጃ ፈቃድን የሚመራው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ፈቃዱ በየተወሰነ ዓመት የሚታደስ ሲሆን፣ አመልካቹ የጤና ምርመራ ማስረጃ ያቀርባል። ጥፋት የሚፈጽም አሽከርካሪ ደግሞ ነጥብ ይመዘገብበታል፤ ነጥቡ ሲበዛ ፈቃዱ ሊታገድ፣ ተሃድሶ ሥልጠና እንዲወስድም ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ መዋቅሩ በወረቀት ላይ አለ። ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። መኪናው በየዓመቱ ለቦሎ ቀርቦ ፍሬኑ፣ መብራቱና ጎማው ይታያል። የሾፌሩ ዓይን ግን በግድግዳ ላይ ባሉ ፊደላት በደቂቃ ውስጥ ታይቶ ማኅተም የሚያርፍበት ከሆነ፣ ምርመራው ከቦሎው ያነሰ ክብር ተሰጥቶታል ማለት ነው። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድና በደላላ የሚገኝ ማስረጃ ባለሥልጣናት ራሳቸው በተደጋጋሚ የሚያነሱት ችግር ነው። በዚህ ሁኔታ አዲስ ፈተና መጨመር ለታማኙ አዛውንት ተጨማሪ እንግልት፣ ለደላላው ደግሞ ተጨማሪ ገበያ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ያልተጠበቀ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ዕድሜው ራሱ ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 70 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በብዛት የልደት ወረቀት የላቸውም። ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በጣሊያን መውጣት፣ በአንድ ድርቅ ወይም በአንድ ንጉሥ ዘመን ነው። በሱዳንም የልደት ቀናቸው በግምት ጥር 1 (እአአ) ተብሎ የተመዘገበ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው።

እንዲህ ባለበት አገር "ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይፈተን" የሚል ሕግ ቢወጣ በወረቀት 62 የሆነው የ74 ዓመት ሰው ያመልጣል፤ በግምት ዕድሜው የተጨመረበት ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይጠየቃል። ዓይን ግን ዕድሜውን አይደብቅም። መለካት ያለበትም እርሱ ነው የሚለው ክርክር እዚህ አካባቢ ከሌላው ዓለም ይልቅ ክብደት የሚያገኘው ለዚህ ነው።

በድንበሩ ላይ ያለው ልዩ ሁኔታ

የገዳሪፍ–መተማ መስመር አሽከርካሪዎች አንድ ጊዜ በጅምላ እንደገና ለመማር ተገደው ነበር። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሱዳን ግን ይህን ያደረገችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እአአ በ1973 ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ጋላባት ላይ የሚሻገር ሰው መሥመሩን መቀየር ነበረበት። ያን ለውጥ በመሪ ላይ ሆነው ያዩ ሰዎች ዛሬ ሁሉም ከ70 ዓመት አልፈዋል። አዛውንት አዲስ ነገር አይማርም የሚለው አባባል በእነርሱ ላይ ሲነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አሁን ያለው ፈተና ግን ከዚያ የከበደ ነው። በሱዳን ጦርነት ምክንያት በርካታ የጤና ተቋማት ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል፤ ገዳሪፍም ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉትን ብዙ ሕዝብ አስጠግታለች። በኢትዮጵያ በኩል በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። በጎንደር–መተማ መንገድ ላይ ዘረፋና እገታ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ከመተማ የተነሳ ሰው በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደረጃ የዓይን ሕክምና ለማግኘት ወደ ጎንደር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። በየሁለት ዓመቱ ምርመራ ግዴታ ነው ብሎ ማወጅ ቀላል ነው፤ ምርመራው የት ይደረጋል የሚለው ግን መልስ ይሻል።

የዓይን ጤና በኢትዮጵያ ሰፊ ችግር ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ገደማው የመጣው በቀዶ ሕክምና ሊድን በሚችለው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው።

ሆኖም ይኸው አካባቢ ለተስፋ የሚሆን ታሪክም አለው። በአትባራና በራሃድ ወንዞች ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውና ዓይን የሚያጠፋው ኦንኮሰርካይሲስ በጋላባትና በመተማ ይገኝ ነበር። ኢትዮጵያና ሱዳን መረጃ ተለዋውጠው፣ በሁለቱም ወገን መድኃኒት አድለው፣ ስርጭቱ መቋረጡን በጋራ ካረጋገጡ በኋላ እአአ በ2018 የጅምላ ሕክምናውን በአንድነት አቆሙ። በአፍሪካ ሁለት አገራት ተቀናጅተው የዚህን በሽታ ስርጭት ሲያቋርጡ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለቱም አገራት የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባላት ናቸው፤ ድንበር ተሻጋሪ መኪኖችን የሚሸፍነው "ቢጫ ካርድ" የተባለው የሦስተኛ ወገን መድን ሥርዓትም ይመለከታቸዋል። ካርዱ አደጋ ከደረሰ በኋላ ካሳ ለመክፈል የተሠራ ነው። የድንበሩ መንገድ ግን ከአደጋው በፊት ሾፌሩ ማየት መቻሉን የሚያረጋግጥ ነገርም ያስፈልገዋል።

ቁልፉን ካስረከቡ በኋላ

አንድ ሰው እናስብ። 68 ዓመቱ ነው፤ ለ40 ዓመታት ጭነት አመላልሷል፤ አምስት ልጆች አሳድጎበታል። መኪናው የራሱ አይደለም፤ የሚከፈለውም በምልልስ ነው። ሐኪም "ዓይንህ ለሌሊት አይሆንም" ቢለው ምን ያደርጋል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሹፌር በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። የግል ድርጅት ሠራተኞችም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ አዋጅ ተካተዋል። ነገር ግን በቃል ስምምነት፣ ያለ ቅጥር ውል የሚሠራ ሹፌር ይህ አይደርሰውም። ለእርሱ መንጃ ፈቃዱ ጡረታውም ነው። ስለዚህ እውነቱን ለሐኪም መናገር በገዛ እጁ እንጀራውን መቁረጥ ይሆንበታል። ሕመምን መደበቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይለካም። በተለያዩ አገራት የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ እአአ በ2016 የታተመ ትንተና እንዳመለከተው፣ ማሽከርከር ያቆሙ አረጋውያን በድብርት ስሜት የመያዝ ዕድላቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በእኛ ባህል ደግሞ አባትን "ከእንግዲህ አይንዱ" ማለት ለልጅ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሽማግሌ ወይም በቅርብ ጓደኛ አፍ ነው፤ አንዳንዴም አደጋ እስኪደርስ ድረስ ሳይነገር ይቀራል። የሐኪም ምርመራ አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ ሊናገር ያልደፈረውን ወረቀቱ ይናገርለታል።

ምርመራው የሚያበቃው ፈቃድ በመንጠቅ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ2002 የታተመ ጥናት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አረጋውያን፣ ግርዶሽ ኖሮባቸው ካልታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ የአደጋ መጠናቸው በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ለአንዱ መነጽር፣ ለሌላው አጭር ቀዶ ሕክምና ተጨማሪ የሥራ ዓመታት ሊሰጥ ይችላል።

ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከሌሎች አገራት ልምድና ከአካባቢው ሁኔታ በመነሳት አራት አማራጮች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው መስፈርቱን ከዕድሜ ወደ ሥራው ማዞር ነው። በብሪታኒያ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ አሽከርካሪ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ፣ ከ65 ዓመቱ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል። በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። የሕዝብና የፈሳሽ ጭነት አሽከርካሪዎችን ሁሉ፣ ወጣቱንም ሽማግሌውንም፣ በአንድ ዓይነት ጥብቅ ምርመራ ማሳለፍ አዛውንቱን ነጥሎ ከመክሰስ ያድናል፤ ያልታወቀ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበትን ወጣትም ያገኛል።

ሁለተኛው የተግባር ፈተናውን ምልክት ለታየበት ማዋል ነው። የጃፓን የ2022 ሕግ መንፈስ ይህ ነው። የነጥብ ምዝገባ ሥርዓት ያላት ኢትዮጵያ ለዚህ መነሻ የሚሆን መዝገብ አላት፤ ጥፋት የደጋገመ አሽከርካሪ በማንኛውም ዕድሜ ዳግም ሊፈተን ይችላል።

ሦስተኛው "አዎ" እና "አይ" በሚሉ ሁለት መልሶች መካከል ሌላ መልስ መፍጠር ነው። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ85 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በየሁለት ዓመቱ መፈተን ካልፈለገ በቤቱ አካባቢ ብቻ የሚያስነዳ የተገደበ ፈቃድ መያዝ ይችላል። "በቀን ብቻ" ወይም "ያለ ተሳቢ" የሚል ፈቃድ ብዙ አዛውንቶችን ከሌሊቱ መንገድ አውጥቶ በሥራቸው ላይ ሊያቆያቸው ይችላል።

አራተኛው ምርመራውን ሾፌሩ ወዳለበት መውሰድ ነው። መኪኖች ለጉምሩክ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት በሚቆሙባት መተማ ዮሐንስ ወይም በገዳሪፍ የጭነት መናኸሪያዎች ዓይንን መመርመር፣ የደም ግፊትና ስኳር መለካት ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድን በሽታ በጋራ ከወንዞቻቸው ዳር ያቆሙ ሁለት አገራት፣ ሰላሙ ሲመለስ ይህን ለመሥራት ከባዶ አይጀምሩም።

እስከዚያው ግን ከሁሉ የሚቀርበው ጥንቃቄ በቤተሰብ እጅ ያለው ነው። አባት በምሽት ሲነዱ መብራት "ያስቸግረኛል" ማለት ከጀመሩ፣ የሚያውቁት መንገድ ላይ ከተደናገሩ፣ በመኪናው ጎን ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ አዲስ ጭረት ከታየ፣ ወይም ረዳቱ ሳይጠየቅ "ቀስ በል" ማለት ካበዛ፣ ቀጠሮ የሚያዘው ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት በፊት ከዓይን ሐኪም ዘንድ ነው።